እንኳን ደህና መጣህ፣ መጣሽ፣ መጡ

እንግሊዝኛው «ዌልካም» ይላል፤ በቃ። ለማን እንደ ተባለ አይጠይቅም። ይህን አንድ ቃል ከኮምፒውተር ገጽ ላይ አንሥቶ ወደ አማርኛ ሊያመጣ የተነሣ ተርጓሚ ግን ገና ከመነሻው ይደናቀፋል። «እንኳን ደህና መጣህ» ቢል እኅቱን ከደጅ ያስቀራታል፤ «መጣሽ» ቢል ወንድሙን። «መጡ» ቢል ለዐሥር ዓመት ልጅ እጅ የነሣ ይመስላል፤ «መጣችሁ» ቢል ብቻውን የተቀመጠውን ሰው ዘወር ብሎ ከኋላው ማን እንደ ቆመ እንዲያይ ያስገድደዋል። አማርኛ መጪውን ሳያውቅ መቀበል አይሆንለትም።

ይህች ትንሽ ችግር ዛሬ ላነሣው ስላሰብሁት ጉዳይ ከብዙ ሐተታ ይልቅ የምትናገር ሆና አገኘኋት። ጉዳዩ «ክፍት ምንጭ» የሚባለውን ሶፍትዌር የሚሠሩ ማኅበሮች ኮድ ለማያውቅ ሰው በራቸውን እንዴት ቢከፍቱ ይሻላል የሚለው ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፤ «የመሐንዲሶች ወሬ እኛን ምን አገባን?» ብለው ፊትዎን እንዳያዞሩ እለምናለሁ። ከደጅ ቆሞ ከቀረው ሰው መካከል ብዙው የእርስዎ ዓይነት ሰው ነውና።

ነገሩን በአጭሩ እናስረዳ። ሶፍትዌር የሚጻፍ ነገር ነው። ጸሐፊው ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ይጽፈዋል፤ ከዚያ ማሽን ብቻ ወደሚረዳው ቁጥር ይለወጣል። ነጋዴው ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥልን ቁጥሩን ነው፤ ጽሑፉን ከሣጥን ቆልፎ ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ «ግኑ» የተባለውን ሥራ ሲያውጅ፣ የተነሣበት ሐሳብ ጽሑፉም ከተጠቃሚው እጅ ይግባ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ በሄልሲንኪ ይማር የነበረ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ወጣት ሊኑክስን ጽፎ ለዓለም ለቀቀ። በኪሳችን የምንይዘው የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ ዛሬ በዚያ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ስቶልማንና ተከታዮቹ ነፃ ሶፍትዌርን የሚበይኑት በአራት ነፃነቶች ነው፤ ፕሮግራሙን ለፈለጉት ዓላማ ማሠራት፣ አሠራሩን መርምሮ መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ ማደል፣ የለወጡትንም ማደል። ደግ ሐሳብ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ኮድ ለማያነብ ሰው ሁለተኛውና አራተኛው ነፃነት ግእዝ ለማይሰማ ሰው እንደ ተሰጠ ብራና ናቸው። መጽሐፉ የእርሱ ነው፤ ሊገልጠው፣ ሐረጉንና ሥዕሉን ሊያደንቅ ይችላል። ምሥጢሩ ግን የሚያወርድለት መምህር ከሌለ ተዘግቶበት ይኖራል። ለእንዲህ ያለው ሰው ነፃነቱ እውን የሚሆንበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ያየውን ጉድለት የሚሰማ፣ የሚያውቀውን የሚቀበል፣ እርሱ ሊለውጥ ያልቻለውን የሚለውጥለት ማኅበር ነው። ስለዚህ አዲስ መጪን መቀበል እንደ ደግነት፣ እንደ ትሩፋት ሥራ ሲነገር ስሰማ አይዋጥልኝም። «ነፃነቱ ለሁሉ ነው» ብሎ የጻፈ ማኅበር ዕዳ ገብቷል።

እንግዲህ ከደጁ እንቁም። በዚህ ዓለም ውስጥ የቆየ አንድ ፈሊጥ አለ፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ማስተካከያ ይዘህ ና፤ በደስታ እንቀበላለን» እንደ ማለት ነው። አነጋገሩ የግብዣ ነው፤ ፍቺው ግን ብዙውን ጊዜ «ራስህ ኮዱን ጽፈህ ካላመጣህ ዝም በል» ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ወርቁን ማግኘት አያስቸግረውም። ሌላም አለ፤ ለጠየቀ ሰው «መመሪያውን አንብብ» የሚል መልስ፣ በመካከሉ ስድብ ተሰንቅሮበት በአራት የላቲን ፊደላት አጥሮ የሚወረወር። መመሪያው ራሱ የማይነበብ ሲሆን ደግሞ ስድቡ ድርብ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ፕሮግራመሩ በእንግሊዝኛ እያሰበ ዐረፍተ ነገሩን ቆራርጦ ይጽፋል፤ «ሰርዝ» የሚለውን በአንድ ቦታ፣ የፋይሉን ስም በሌላ፣ «ከ» የሚለውን በሦስተኛ፣ የአቃፊውን ስም በመጨረሻ። ማሽኑ በተርታ ይገጣጥመዋል። በእንግሊዝኛ ያምራል። በአማርኛ ግን ግሡ ከፊት ይመጣል፤ «ከ» ከስሙ ተነጥሎ ብቻውን ይቆማል፤ «ን» የሚጠጋበት ያጣል። የሚወጣውም «ሰርዝ ደብዳቤ ከ ሰነዶች» የሚል፣ አማርኛ መማር ከጀመረ ሳምንት የሆነው ሰው የተናገረው የሚመስል ነገር ነው። ተርጓሚው ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን የሚሰጡት ቁርጥራጮቹን ብቻ ነውና ሊያቃናው አይችልም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሩን ሳይቆርጡ ሙሉውን ለተርጓሚ መስጠት፣ ስሞቹ የሚገቡበትንም ባዶ ቦታ እንደየቋንቋው ጠባይ እንዲያዛውር መፍቀድ ነው። ይህን ለማወቅ ኮድ መጻፍ አያሻም፤ አማርኛ ማወቅ ይበቃል። ቱርክኛ ወይም ጃፓንኛ ተናጋሪም ያንኑ ይነግራቸዋል፤ የእነርሱም ግሥ መጨረሻ ላይ ነውና።

ይህን የሚያውቅ ሰው ያየውን ለመናገር የሚያልፍበትን መንገድ ደግሞ ይመልከቱ። ይመዘገባል። የማመልከቻውን ቅጽ በእንግሊዝኛ ይሞላል። የፕሮግራሙን እትም ቁጥር፣ የኮምፒውተሩን ዓይነት ይጠቅሳል። አንዲት ቃል ሊያርም ከፈለገ «ጊት» የሚባለውን መሣሪያ እንዲማር ይነገረዋል፤ ይህም ለፕሮግራመሮች እንኳ የራስ ምታት የሆነ መሣሪያ ነው። ከዚያ ይጠብቃል። ከሳምንታት በኋላ የሚደርሰው መልስ ያችው «ማስተካከያ ይዘህ ና» ልትሆን ትችላለች። ሰውዬው ተመልሶ አይመጣም። መምጣቱን የመዘገበ አልነበረምና መሄዱንም የሚያውቅ የለም።

ጉዳቱ የእንግዳው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጊትሀብ የተባለው ግዙፍ የኮድ ማከማቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጠይቆ ባወጣው ጥናት፣ ከመቶው 93ቱ ያልተሟላ ወይም ጊዜው ያለፈበት መመሪያ እንዳጋጠማቸው ተናግረዋል። ሥራ ከሚያበረክቱት መካከል ደግሞ ከመቶው 60ዎቹ መመሪያ በመጻፍ ፈጽሞ ወይም ከስንት አንዴ ካልሆነ እንደማይሳተፉ ገልጸዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩአቸው። ቤተ ሰቡ ሁሉ ተርቧል፤ ምጣድ የሚያሰማ የለም፤ ጋጋሪው ደግሞ ከደጅ ቆሟል። ግልጽ ዐረፍተ ነገር መጻፍ የሚያውቅ፣ አንባቢ የት ላይ ግራ እንደሚጋባ አስቀድሞ የሚሰማው፣ ሁለት ቃል በቂ በሆነበት ዐሥር ቃል የማያባክን ሰው በሥነ ጽሑፍ ሰፈር ሞልቷል። (በዚያው ጥናት ከመልስ ሰጪዎቹ 95 ከመቶው ወንዶች ነበሩ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

«ነገሩ የጠባይ ነው፤ ሰዎቹ ትሕትና ይማሩ» የሚሉ አሉ። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ቶርቫልድስ ራሱ ለዓመታት በደብዳቤዎቹ ሲወረውራቸው ስለ ነበሩት ኃይለ ቃሎች ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል አለ፤ የሊኑክስ ማኅበርም በዚያው ሰሞን የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። ዛሬ እንዲህ ያለ ደንብ ያላቸው ማኅበሮች ብዙ ናቸው። አልነቅፈውም። ሆኖም እንግዳን አለመስደብ አንድ ነገር ነው፤ መቀመጫ መስጠት ሌላ። በጨዋ ቋንቋ የተሸኘ እንግዳም ያው ተሸኝቷል።

መቀመጫ ስለ መስጠት የማውቀው የተሻለ ምሳሌ የዴቢያን ነው። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ የጀመረው፣ በፈቃደኞች እጅ የሚሠራ የሊኑክስ ቤተ ሰብ ነው፤ ስሙ በአፍሪቃ የበለጠ የተሰማው ኡቡንቱም በእርሱ ላይ የተሠራ ነው። ማኅበሩ የራሱ ሕገ መንግሥት አለው፤ አባላቱ በየዓመቱ መሪያቸውን በድምፅ ይመርጣሉ። ለረጅም ጊዜ ወደ አባልነት የሚወስደው የተለመደ መንገድ ሶፍትዌር አሰናድቶ ወደ ማኅበሩ ጎተራ ማስገባት ነበር። መመሪያ ለሚጽፈው፣ ወደ ቋንቋው ለሚተረጉመው፣ ሥዕል ለሚሥለው፣ ጉባኤ ለሚያሰናዳው ሰው ግን ዓመታት ቢደክምም ይህን ያህል የተጠረገ መንገድ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2010 አባላቱ ድምፅ ሰጡና እንዲህ ያለውም ሰው ሙሉ አባል እንዲሆን ወሰኑ። የሚቀርበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሶፍትዌር በቀጥታ ወደ ጎተራው የማስገባት ሥልጣን። እርሱንም አይፈልገው።

የዚህ ውሳኔ ኃይል ከምስጋና ማለፉ ላይ ነው። ምስጋና ርካሽ ነው፤ በፕሮግራሙ መጨረሻ ስም ዘርዝሮ ማመስገን የሚያውቅ ማኅበር ሞልቷል። ዴቢያን የሰጠው ድምፅ ነው፤ ማዕርጉም የኮድ ጸሐፊው የሚጠራበት ያው ማዕርግ ነው። ድምፅ ያለው ተርጓሚ አዲስ እትም የሚወጣበት ቀን ሲቆረጥ «ከዚህ ቀን ወዲህ በገጹ ላይ ያሉት ቃላት አይለወጡ፤ ትርጉሙን እናድርስ» ብሎ መሟገት ይችላል። ድምፅ የሌለው ተርጓሚ ሌሊቱን ሠርቶ ጠዋት ቃሉ ተለውጦ ያገኘዋል።

ከመቀመጫው በፊት ደግሞ ደፉ አለ። በዚህ ረገድ አፍሪቃ ያበረከተችው ነገር ሲነገር ብዙም አልሰማሁም፤ ስለዚህ ልናገረው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ አፍሪቃ ድዌይን ቤይሊ የመሠረተው ትራንስሌት ዶት ኦርግ ዶት ዜድ ኤ የተባለ ድርጅት ነፃ ሶፍትዌርን ወደ አገሪቱ ቋንቋዎች ለመመለስ ተነሣ። ያን ጊዜ የመንግሥት ቋንቋዎቿ 11 ነበሩ። ዙሉኛ ወይም ቬንዳኛ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ፕሮግራመር ይሁን ማለት እንደማይቻል ግልጽ ነበርና ድርጅቱ «ፑትል» የተባለ መሣሪያ ሠራ። ተርጓሚው በኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳይጭን በአንድ ወገን እንግሊዝኛውን እያየ በሌላው ወገን የራሱን ቋንቋ ይጽፋል፤ የቀረውን መሣሪያው ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው «ዌብሌት» ያንኑ ሐሳብ አራቀቀው። ሊብሬኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ዛሬ በአማርኛ ሊነበብ የሚችለው እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች በደከሙ ፈቃደኞች ነው። ደፉ ዝቅ ሲል ምን ያህል ሰው እንደሚገባ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

ሰዎቹ ሲገቡ ይዘው የሚመጡት ዕውቀት ደግሞ ኮድ በመመርመር የሚገኝ አይደለም። ዜሮ «ፋይል» ነው ወይስ ዜሮ «ፋይሎች»? እንግሊዝኛ ዜሮን ከብዙ ጋር ይቈጥረዋል። አማርኛ ግን፣ የዩኒኮድ ማኅበር በሚያሰናዳው የቋንቋዎች መዝገብ እንደ ሰፈረው፣ ዜሮን ከአንድ ጋር ይመድበዋል። ለጆሯችን ግልጽ ነው፤ ለፕሮግራመሩ ሊገምተው የማይችለው ነገር ነው። ወይም የትእዛዙን አንቀጽ ይውሰዱ፤ «አስቀምጥ» ስንል ሴቲቱን ረስተናል፤ «ያስቀምጡ» ስንል ቁልፏ ላይ ቦታ ይጠባል፤ «ማስቀመጫ» ብለን ወደ ስም ብንሸሽ ፆታውን ሸሽተናል፤ ግን ቁልፍ ነው ወይስ ቁም ሣጥን? እኔ «ማስቀመጫ»ን እመርጣለሁ፤ የማይስማማኝ ብዙ እንደሚሆን አውቃለሁ። ይህ የደራስያን ክርክር ነው።

አሁን የሌላውን ወገን አቤቱታ መስማት ይገባል፤ እውነተኛ አቤቱታ ነውና። ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች በአንድ ወይም በሁለት ሰው ትከሻ ላይ የወደቁ ናቸው፤ ሰዎቹም ከእንጀራ ሥራቸው ተመልሰው በማታ የሚሠሩ ናቸው። በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ምን እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ2020 ታየ። ዲጂታልኦሽን የተባለ ኩባንያ በየዓመቱ በኤውሮጳውያን ጥቅምት ወር በሚያካሂደው «ሀክቶበርፌስት» ላይ የተወሰነ ቍጥር ማስተካከያ ላቀረበ ሰው ካናቴራ ይሰጥ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ቃል እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ የጨመሩ ከንቱ ማስተካከያዎች ፕሮጀክቶቹን አጥለቀለቋቸው። ኩባንያው ወሩ ገና ሳይጋመስ ደንቡን ለውጦ፣ ፈቃዳቸውን የገለጹ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲካተቱ አደረገ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ጎርፍ አለ፤ «ከርል» የተባለውን መሣሪያ የሚንከባከበው ዳንኤል ስቴንበርግ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተቀነባበሩ ሐሰተኛ የጉድለት ማመልከቻዎች ጊዜውን እንደሚበሉት ደጋግሞ ጽፏል። እንዲህ ለተሰላቸ ሰው «እንግዳ ተቀበል» ብሎ መስበክ ጭካኔ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን እንግዳውን መቀበል ያለበት የቤቱ ጌታ ነው ያለው ማን ነው? ቅኔ ቤት የገባ አዲስ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ቀን መምህሩን አያደክምም። ቀድሞት የገባ አስነጋሪ አለ፤ ግሡን ያስረባዋል፣ አገባቡን ያለማምደዋል። ሲቀኝም የሚጀምረው ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ነው፤ መወድስ ይቆየዋል። የመምህሩ ጊዜ ይጠበቃል፤ ተማሪውም ከደጅ አይመለስም። ቅኔ ቤት ገር ነው አልልም፤ ተማሪ አስለቅሶ የሰደደ መምህር በየዘመኑ ነበር። ሥርዓቱ ግን የመጪውን ደረጃ ያውቃል።

የክፍት ምንጭ ማኅበሮችም ጉባኤ ቃና አላቸው፤ «ለጀማሪ የሚሆን» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸው ትንንሽ ሥራዎች። ያዝኩባቸው ነገር ቢኖር አብዛኞቹ የኮድ ሥራዎች መሆናቸው ነው። «ይህን አንቀጽ ያልገባው ሰው እንዲገባው አድርገህ ጻፈው» የሚል ምልክት ለማየት ብዙ መፈለግ ያሻል። አስነጋሪውም ቢሆን ፈጽሞ የሌለ አይደለም። «አውትሪቺ» የተባለው ፕሮግራም ከዚህ መስክ ተገፍተው ለቆዩ ሰዎች ለሦስት ወር መካሪ መድቦ አበል ይሰጣል፤ መመሪያ መጻፍና የገጽ ንድፍም ከሥራው ይቈጠራሉ። አበሉን ማንሣቴ በዋዛ አይደለም። በፈቃድ መሥራት የሚቻለው እንጀራና ኤሌክትሪክ ሲኖር ነው፤ ኢንተርኔቱን በካርድ እየሞላ የሚተረጉም ሰው በየሰዓቱ ከኪሱ እየከፈለ ነው።

ወደ ራሳችን ሰፈርም መመለስ አለብኝ። በስልክ ገጽ ላይ የተበላሸ አማርኛ ስናገኝ እናነሣዋለን፣ ለወዳጅ እንልካለን፣ እንስቃለን። በተዘጋ ሶፍትዌር ከመሳቅ በቀር የምናደርገው ብዙ የለም። በክፍቱ ግን ሳቃችን ሥራ መፍታት ነው። አንድ የሚጠብቀንን ክርክር ልጥቀስ። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ሰው ጽሑፍ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ ብዙ ጊዜ ማሽኑ «የለም» ይለዋል። ሞክሼ ፊደላቱን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ይቍጠራቸው? በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ነው፤ «ሰረቀ» ሌባ የሚያደርገው ነው፤ የቅኔ ሰው ሁለቱ ሲደባለቁ ዝም አይልም። የጋዜጣው ሰው ደግሞ ልዩነቱን ከተወው ቈይቷል። እኔ ለፍለጋ ይዋሐዱ፣ በጽሕፈት ግን ማሽኑ ማንንም አያርም ባይ ነኝ። ይህን የሚወስነው አሁን ማን ነው? አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ፣ ምናልባትም ማንም ስላልነገረው ጥያቄው መኖሩን የማያውቅ ፕሮግራመር ነው።

ከኮድ ጸሐፊዎቹ የምጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። «ኦፕን» የሚል አንድ ቃል ለተርጓሚ ሲደርሰው ቃሉ ብቻውን ነው፤ ከየት እንደ ተነቀለ አይታወቅም። ትእዛዝ ነው ወይስ ሁኔታ? «ክፈት» ነው ወይስ «ክፍት»? የትርጉም መሣሪያዎቹ ፕሮግራመሩ ከቃሉ አጠገብ ለተርጓሚ ማስታወሻ የሚያኖርበት ቦታ አላቸው። «ይህ ቁልፍ ነው፤ ሲጫኑት ፋይል ይከፈታል» ብሎ መጻፍ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። አብዛኛው ቦታ ግን ባዶ ነው።